ተመልካች በገንዘቡ የሚገዛው ምንድር ነው?

ዳቦ የገዛ ሰው ዳቦውን ታቅፎ ወደ ቤቱ ይገባል፤ ጫማ የገዛም ጫማውን ተጫምቶ ይሄዳል። የኳስ ጨዋታ ለማየት የመግቢያ ዋጋ የከፈለ ሰው ግን ጨዋታው አልቆ በሚወጣበት ጊዜ እጁ ባዶ ነው። ይዞት የሚወጣው ደስታውን ወይም ንዴቱን፥ እንዲሁም በጩኸት የጐረነነ ድምፁን ብቻ ነው። እንግዲህ ይህ ሰው የገዛው ምንድር ነው? የተጫዋቾቹን ሩጫ ነውን? ጥበባቸውን ነውን? ወይስ ራሳቸውን ነው? ጥያቄው ለጊዜው የሥራ ፈት ጥያቄ ይመስላል። እኔም ብሆን አንድ ምሽት አባትና ልጅ በፊቴ ሲከራከሩ እስክሰማ ድረስ ከቁም ነገር ቈጥሬው አላውቅም ነበር።

በ2025 በጁላይ ወር (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታትና ወራት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው) ከዋሽንግተን ከተማ አጠገብ በሚኖር በአክስቴ ልጅ ቤት እንግዳ ሆኜ ሰንብቼ ነበር። ይህ ዘመዴ ሠላሳ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ታክሲ እየነዳ ልጆቹን ያስተማረ፥ ቃሉን የሚያከብር፥ በሰው ፊት መጯጯኽን የማይወድ ጭምት ሰው ነው። ታናሺቱ ልጁ በዚያው አገር ተወልዳ ያደገች ስትሆን የሴቶችን የቅርጫት ኳስ ምግብዋን እስከ መርሳት ድረስ ትወዳለች። በወሩ በ19ኛው ቀን፥ ቅዳሜ ማታ፥ ኢንዲያናፖሊስ በተባለችው ከተማ የሊጉ ምርጥ ተጫዋቾች የሚገናኙበት ዓመታዊ ጨዋታ ስለ ነበረ እኛም በቴሌቪዥኑ ፊት ተሰብስበን ተቀመጥን።

ተጫዋቾቹ ሰውነታቸውን ለማሟሟቅ ወደ ሜዳ ሲወጡ ሁሉም ጥቁር ካናቴራ ለብሰው፥ በካናቴራውም ላይ አንድ ዐረፍተ ነገር ተጽፎበት ታየ። ነገሩ ከሊጉ ጋራ ስለ ያዙት የደመወዝ ክርክር ነበረ። ከሁለት ቀን በፊት ከአርባ የሚበልጡ ተጫዋቾች ከሊጉ ሹማምንት ጋራ ተቀምጠው ተነጋግረው ያለ ስምምነት ተለያይተዋል። ዘመዴ ጽሕፈቱን ባየ ጊዜ ፊቱን አጨፈገገና፥

‹‹እኛ ኳስ ልናይ ነው የተቀመጥነው፤ የደመወዛቸውን ነገር ቢሮ ገብተው አይጨርሱትም? ደግሞስ ሴት ልጅ በአደባባይ ገንዘብ ገንዘብ ስትል ያምርባታል?›› አለ።

‹‹አባዬ፥ ቢሮማ ገብተው ነበር›› አለችው ልጂቱ፥ ዐይንዋን ከቴሌቪዥኑ ሳትነቅል።

ጨዋታው ተጀመረ። ናፊሳ ኮሊየር የተባለችው የሚኒሶታ ተጫዋች 36 ነጥብ አስቈጥራ በዚያ ዓመታዊ ጨዋታ ታሪክ ማንም ያልደረሰበትን ቍጥር አስመዘገበች፤ ቡድንዋም 151 ለ131 አሸነፈ። በመጨረሻም የሊጉ ኮሚሽነር ወይዘሮ ካቲ ኤንግልበርት የምርጥ ተጫዋችነቱን ዋንጫ ሊሰጧት ወደ ሜዳ በወጡ ጊዜ፥ አዳራሹን የሞላው ሕዝብ ‹‹ክፈሏቸው! ክፈሏቸው!›› እያለ ይጮኽ ጀመር። ዘመዴ ከወንበሩ ላይ ቀና ብሎ፥ ‹‹እነዚህስ ምን ሆኑ? ደመወዙ የእነሱ ነው እንዴ?›› አለ።

እንቅልፍ የነሣችኝ ይህች የመጨረሻ ጥያቄው ናት። ገንዘብ ከፍሎ የገባ ሰው ሌላ ገንዘብ ለሌላ ሰው እንዲከፈል የሚጮኸው ስለ ምንድር ነው? ያው ሕዝብ ራሱ ስለ ደመወዝ ለተናገሩት ሴቶች ሲያጨበጭብ፥ ስለ ሌላ ነገር የተናገሩ ዕለት ፊቱን የሚያዞርባቸውስ ስለ ምንድር ነው?

ሊጉ በ1996 ተቋቁሞ በ1997 ጨዋታ የጀመረ ሲሆን በ2025 የቡድኖቹ ቍጥር 13 ደርሷል። ከተጫዋቾቹ የሚበዙት ጥቁር አሜሪካውያት ናቸው። ስለ ደመወዙ ብዙ መጻፍ አያስፈልግም፤ አንድ ምሳሌ ይበቃል። ስምዋ በአገሩ ሁሉ የታወቀውና አዳራሾችን በሕዝብ የሞላችው ኬትሊን ክላርክ በ2024 ወደ ሊጉ ስትገባ የተቈረጠላት የመጀመሪያ ዓመት ደመወዝ 76,535 ዶላር ነበረ። ከማስታወቂያ የምታገኘው ሌላ ነው። በዚያው ዓመት ሊጉ ለ11 ዓመት የሚቈይ 2.2 ቢሊዮን ዶላር የሚያወጣ የቴሌቪዥን ውል እንዳገኘ ተነገረ። እንግዲህ አንባቢዬ ካናቴራው ከየት እንደ መጣ ከዚህ ሊረዳ ይችላል።

ነገር ግን እነዚህ ሴቶች ካናቴራ ለብሰው ሲናገሩ ይህ የመጀመሪያቸው አልነበረም። ከዘጠኝ ዓመት በፊት፥ በ2016 በጁላይ ወር መጀመሪያ፥ በሦስት ቀን ውስጥ ሦስት ከባድ ነገር ሆነ። በሉዊዚያና ክፍለ አገር በባተን ሩዥ ከተማ አልተን ስተርሊንግ፥ በማግስቱም በሚኒሶታ ፊላንዶ ካስቲል የተባሉ ጥቁር ሰዎች በፖሊስ ጥይት ሞቱ። በሦስተኛው ቀን ደግሞ በዳላስ ከተማ አምስት ፖሊሶች በሥራቸው ላይ ሳሉ አድፍጦ በጠበቃቸው ሰው ተገደሉ። በጁላይ 9 ቀን ሊንክስ የተባለው የሚኒሶታ ቡድን ተጫዋቾች ወደ ሜዳ ሲወጡ የለበሱት ካናቴራ በፊት በኩል ፍትሕና ተጠያቂነትን የሚጠይቅ፥ ለውጡም ከእኛ ይጀምራል የሚል ቃል ነበረበት። በጀርባው ግን የሁለቱ ሟቾች ስምና የዳላስ ፖሊስ ዓርማ ባንድነት ታትመውበት፥ ከግርጌውም የጥቁር ሕይወት ዋጋ አለው የሚለው የታወቀው ቃል ተጽፎበት ነበር። የቡድኑ አለቆችም ከጨዋታው በፊት ጋዜጠኞችን ሰብስበው አሳባቸውን በሰከነ ቃል አስረዱ።

በዚያ ምሽት ከመደበኛ ሥራቸው ውጭ አዳራሹን ለመጠበቅ ተቀጥረው የነበሩ አራት የሚኒያፖሊስ ፖሊሶች ግን ካናቴራውን አይተው ሥራቸውን ጥለው ወጡ። የማኅበራቸውም መሪ ስለ አደረጉት ነገር አመሰገናቸው። እኔ ፖሊሶቹን ለመውቀስ አልቸኩልም፤ ጓዶቻቸው የሞቱበት ሳምንት ነበረ፤ ኀዘንም ዐይንን ያጨልማል። የሚገርመኝ ግን ይህ ነው፤ በዚያ ጨርቅ ላይ የእነሱም ሟቾች ነበሩበት። ከሁለት ወገን ለሞቱት ሰዎች በአንድ ልብስ ላይ ለቅሶ ሲቀመጥ፥ አንዱ ወገን የራሱን ሟች ማየት ተሳነው። ሰው አንድን ጽሕፈት ከማንበቡ በፊት የጻፈው ማን እንደ ሆነ አይቶ ይፈርዳል፤ ከዚያ በኋላ የሚያነበው የራሱን ፍርድ ነው።

ሌሎች ቡድኖችም ተከተሉ። ሊጉ የኒው ዮርክን፥ የፊኒክስንና የኢንዲያናን ተጫዋቾች የልብስ ደንብ አፈረሳችሁ ሲል እያንዳንዱን ቡድን 5,000 ዶላር፥ እያንዳንድዋን ተጫዋች 500 ዶላር ቀጣቸው። እነሱም ከጨዋታ በኋላ ለሚጠይቋቸው ጋዜጠኞች ስለ ኳስ አንናገርም ብለው ቁርጥ አደረጉ። ‹ስለ ኳስ ብቻ ተናገሪ› የተባለች ሴት ስለ ኳስ ብቻ አልናገርም ስትል ምን ይደረጋል? ጥቂት ቀን ሳይቈይ ሊጉ መቀጫውን ሰረዘ። ኮሊን ካፐርኒክ የተባለው የእግር ኳስ ተጫዋች (የአሜሪካኖቹን የእግር ኳስ ማለቴ ነው) በመዝሙር ጊዜ አልነሣም በማለቱ ስሙ በዓለም ላይ የተሰማው ከዚህ በኋላ በነሐሴ ወር ነው። ዛሬ ስለ ነገሩ የሚጻፈው ሁሉ ከእርሱ ይጀምራል፤ ከእርሱ በፊት የተናገሩትን ሴቶች የሚያነሣቸው ጥቂት ነው።

እዚህ ላይ ስለ ዘመዴ ጥብቅና ልቁም። እርሱ በቀን ውስጥ ዐሥር ሰዓት በመኪናው ውስጥ የዓለምን ክርክር በራዲዮ ሲሰማ የሚውል ሰው ነው። ከኋላው የሚቀመጠውም መንገደኛ አንዱ ከፕሬዚዳንቱ ወገን፥ አንዱ ከተቃዋሚው ወገን ነው፤ ለሁሉም ‹‹እሺ ጌታዬ›› ሲል ይውላል። ማታ ወደ ቤቱ ገብቶ ከልጁ ጋራ ኳስ ሲመለከት የሚፈልገው ዕረፍት ነው። ደግሞም በአንድ ከተማ ውስጥ በምርጫ የተጣሉ፥ በዘር የተለያዩ፥ በገንዘብም የማይተያዩ ሰዎች ጐን ለጐን ተቀምጠው ባንድ ነገር የሚደሰቱበት ስፍራ ብዙ አይደለም። ይህን ስፍራ ከጠብ እንጠብቀው የሚል ሰው ክፉ ሰው አይደለም። እኛም ብንሆን ይህን ስሜት እናውቀዋለን። በዚያው በ2016፥ በነሐሴ ወር፥ ፈይሳ ሌሊሳ በሪዮ የማራቶን ውድድር ሁለተኛ ሆኖ ሲገባ ክንዶቹን ከራሱ በላይ ባጣመረ ጊዜ፥ በአንድ ቤት ውስጥ በአንድ ቴሌቪዥን ፊት ከተቀመጡት መካከል አንዱ በደስታ ሲያለቅስ ሌላው ‹ምነው የድሉን ሰዓት እንኳ ቢያቈይልን› ያለበትን ምሽት የሚያስታውስ ብዙ ነው። ሁለተኛው ሰው በወንድሙ ሞት የሚደሰት ሰው አልነበረም፤ ደስታውን ሳይከፋፈል ለመቅመስ የፈለገ ሰው ነበረ።

ሆኖም ይህ ክርክር በቅርብ ሲመረመር አንድ ነገር ይጐድለዋል። ሜዳው ተጫዋችዋ አፍዋን እስክትከፍት ድረስ ዝም ብሎ የቈየ ያስመስላል። ሜዳው ግን ዝም ብሎ አያውቅም። ከጨዋታው በፊት ብሔራዊ መዝሙር ይዘመራል፤ ሰንደቅ ዓላማ ይዘረጋል፤ ወታደሮች ተጠርተው ይመሰገናሉ፤ በማሊያው ላይ የባንክና የመኪና ስም ታትሟል። ይህ ሁሉ ንግግር ነው። አንዳንዱም መልካም ንግግር ነው። እንግዲህ ዘመዴን የረበሸው በሜዳው ላይ ንግግር መኖሩ አይደለም፤ የባለቤቶቹን ንግግር ጆሮው ለምዶት እንደ ግድግዳ ቀለም ስለ ቈጠረው፥ የሠራተኞቹ ንግግር ብቻ ንግግር ሆኖ ተሰማው።

ይህ ነገር ከሁሉ ይልቅ ፈጦ የታየው በ2020 ነው። የአትላንታ ቡድን ባለቤት ከሆኑት አንዷ ወይዘሮ ኬሊ ሌፍለር በዚያን ጊዜ የጆርጂያ ክፍለ አገር ሴናተር ነበሩ። ሊጉ ለጥቁሮች መብት የሚደረገውን እንቅስቃሴ መደገፉን በመቃወም ለኮሚሽነርዋ ደብዳቤ ጻፉ፤ ፖለቲካ ከስፖርት መራቅ አለበት አሉ። ለምርጫ የሚወዳደር ሴናተር የቡድን ባለቤት ሆኖ ይህን ቃል መናገሩ እንግዳ ነገር መሆኑን አንባቢዬ ሳልነግረው ያየዋል። የገዛ ቡድናቸው ተጫዋቾችም ስማቸውን ሳይጠሩ፥ ለተቀናቃኛቸው ለራፋኤል ዋርኖክ ድምፅ ስጡ የሚል ካናቴራ ለብሰው ወጡ። በ2021 በጃንዋሪ 5 ቀን በተደረገው ምርጫ ዋርኖክ አሸነፈ፤ በሚቀጥለውም ወር ቡድኑ ተሸጦ ከገዢዎቹ አንዷ የዚያው ቡድን ተጫዋች የነበረችው ረኔ ሞንትጎመሪ ሆነች። ይህን ስጽፍ የማን ፓርቲ መልካም እንደ ሆነ ለመፍረድ አይደለም። ‹ኳስዋን ትጫወት› የሚለው ቃል ከማን አፍ ወጥቶ በማን ላይ እንደሚያርፍ ለማሳየት ብቻ ነው።

ስለ ክፍያውም ነገር አንድ ቃል ልበል። ከፍያለሁና ዝም በይ የሚል ሰው የአዝማሪን ልማድ ቢያስብ መልካም ነው። በእኛ አገር አዝማሪ ተጠርቶ መጥቶ፥ በልቶ ጠጥቶ፥ በግንባሩ ላይ ብር ተለጥፎለት፥ የጠራውን ጌታ ራሱን በቅኔ ሸንቈጥ ያደርገው ነበር። ጌታውም ቢከፋው እንኳ ይስቃል እንጂ ‹ከፍዬህ የለም ወይ?› አይልም። የከፈለው ለዜማው ብቻ ሳይሆን ለአንደበቱም እንደ ሆነ ያውቃልና። እርግጥ ነው፤ ቅኔው ከመጠን ሲያልፍ የተባረረ አዝማሪም አይታጣም። ቢሆንም ክፍያ ምላስን ይገዛል የሚል ደንብ ከአባቶቻችን አልወረስንም።

ወደ ሴትነቱ ነገር ስመጣ ጕዳዩ ይከብዳል። ዘመዴ ስለ ካናቴራው የጠየቀው ‹የሚሉት እውነት ነው ወይ?› ብሎ አልነበረም፤ ‹ያምርባታል ወይ?› ብሎ ነበር። እኔም በዚያን ጊዜ ይህ አነጋገር ልዩ ሆኖ አልተሰማኝም፤ ከልጅነቴ ጀምሮ የሰማሁት ስለ ሆነ ነው። ‹ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ› እየተባለ ባደግንበት ቤት የሴት ቃል የሚመዘነው በእውነትነቱ ሳይሆን በመልኩ ነው። ወንድ ሲናገር ተሳስቷል ይባላል፤ ሴት ስትናገር ባለጌ ናት ትባላለች። ካፐርኒክ ሥራውን አጥቷል፤ ይህን መካድ አይቻልም። ግን የጠሉት ሰዎች እንኳ አደገኛ ነው ብለው ጠሉት። ሴቶቹን የጠሉት ግን አያምርባቸውም ብለው ነው። አደገኛ መባል ለሰው ልጅ አንድ ዐይነት ክብር ነው፤ የሚያስፈራ ቃል አለው ማለት ነውና።

ያውም ይህ የማማር ሚዛን ለሁሉም ሴት እኩል አይደለም። በ2023 በኤፕሪል 2 ቀን በዳላስ ከተማ የዩኒቨርሲቲዎቹ የፍጻሜ ጨዋታ ሲደረግ የሉዊዚያና ቡድን አይዋን 102 ለ85 አሸነፈ። ጨዋታው ሊያልቅ ሲል የአሸናፊው ቡድን ተጫዋች ኤንጅል ሪስ እጅዋን በፊትዋ ላይ እያወዛወዘች፥ ‹አታዩኝም› የሚል ትርጉም ያለውን ምልክት ለኬትሊን ክላርክ አሳየቻት። ያንኑ ምልክት ክላርክ ራስዋ ጥቂት ቀን አስቀድሞ በሌላ ጨዋታ አሳይታው ነበር። ክላርክ ነጭ ናት፤ ሪስ ጥቁር ናት። የመጀመሪያዋ ስታደርገው ብዙው ሰው የወኔ ምልክት ነው አለ፤ ሁለተኛዋ ስታደርገው ነውር ሆነ። ሪስም ከጨዋታው በኋላ ዓመቱን ሙሉ ስድብ ስትጠጣ እንደ ከረመችና ይህን ያደረገችው እርስዋን ለሚመስሉ ልጆች መሆኑን ተናገረች። ክላርክ በበኩልዋ፥ ሪስ ልትወቀስ አይገባትም ስትል መሰከረችላት። በምልክቱ የተጣሉት ተመልካቾቹ ናቸው እንጂ ሁለቱ ልጃገረዶች አይደሉም።

ሁለቱም በ2024 ወደ ሊጉ ገቡ፤ ከእነሱም ጋራ ከዚያ በፊት ያልታየ ብዛት ያለው ተመልካች መጣ። ገንዘቡም መጣ፤ ስድቡም መጣ። በዚያ ዓመት በሴፕቴምበር ወር ኮሚሽነርዋ በቴሌቪዥን ቀርበው፥ አንዳንድ ደጋፊዎች በተጫዋቾች ላይ ስለሚያወርዱት የዘር ስድብ ተጠይቀው፥ ፉክክር ለስፖርት እንደሚበጅ የሚያስረዳ መልስ ሰጡ። የተጫዋቾቹ የሠራተኛ ማኅበር ተቈጣ፤ እሳቸውም ኋላ ይቅርታ ጠየቁ። በዚያው ወር የኮነቲከትዋ አሊሳ ቶማስ በ11 ዓመት የጨዋታ ዘመንዋ ከኢንዲያና ደጋፊዎች እንደ ሰማችው ያለ የዘር ስድብ ሰምታ እንደማታውቅ ተናገረች። ክላርክም እንዲህ ያሉት ሰዎች ደጋፊዎች ሳይሆኑ ነገር ፈላጊዎች ናቸው አለች። ቃልዋ ከመልካም ልብ የወጣ መሆኑን አልጠራጠርም፤ ነገር ግን በዚህ ከእርስዋ ጋራ አልስማማም። እነዚያም ደጋፊዎች ናቸው። ማሊያ ይገዛሉ፤ ጨዋታ አያመልጣቸውም፤ ቡድናቸው ሲሸነፍ እንቅልፍ አይወስዳቸውም። ደጋፊነትን የመልካም ሰዎች ስም አድርገን ከያዝነው፥ ክፉውን ሁሉ ‹የእኛ አይደለም› እያልን ማባረር ቀላል ይሆንልናል። ሰው አንዲትን ተጫዋች ከልቡ እየወደደ፥ በዚያው ልብ ሌላዪቱን እንደ ሰው ሳይቈጥር ሊኖር ይችላል። ፍቅሩ ለጥላቻው መደበቂያ የሚሆንበትም ጊዜ አለ።

ከነዚህ ሁሉ ይልቅ ልቤን የሚያስጨንቀው የብሪትኒ ግራይነር ታሪክ ነው። ይህች ሴት በአገርዋ ሊግ የምታገኘው ደመወዝ አነስተኛ ስለ ሆነ፥ ጨዋታ በማይኖርበት ወራት ወደ ሩስያ እየሄደች ትጫወት ነበር። በ2022 በፌብሩዋሪ ወር በሞስኮ አውሮፕላን ማረፊያ በሻንጣዋ ውስጥ የሐሺሽ ዘይት ተገኘ ተብላ ታሰረች፤ በነሐሴ ወር 9 ዓመት ተፈረደባት። ይህ ሆኖ ሳለ፥ በአገርዋ የነበሩ ብዙ ሰዎች ከሁለት ዓመት በፊት የተናገረችውን አስታወሱ። በ2020 በጨዋታ ላይ ብሔራዊ መዝሙር መዘመር የለበትም ብላ ነበርና፥ ‹መዝሙሩን ያልወደደች ሴት አገርዋ ለምን ያድናታል?› አሉ። ሰው ታስሮ ሳለ፥ ያውም በባዕድ አገር፥ የቀድሞ ቃሉን እያነሡ እሰይ ማለት ምን ዐይነት የአገር ፍቅር እንደ ሆነ እኔ አልገባኝም። አገር ልጅዋን ከእስር የምታወጣው ልጅዋ ስለ ሆነች ነው ወይስ ጨዋ ልጅ ስለ ሆነች? በዴሴምበር 8 ቀን በእስረኞች ልውውጥ ተፈታ ወደ አገርዋ ተመለሰች። በ2023 ጨዋታ ሲጀመር ግራይነር መዝሙሩ ሲዘመር ተነሥታ ቆመች። መዝሙሩ ከቀድሞ የበለጠ ትርጉም እንደ ሰጣት፥ ነገር ግን የማይነሡትን ሰዎች መብት እንደምታከብር ተናገረች። ወዲያው ከአንዱ ወገን ‹ተማረች› አሉ፤ ከሌላው ወገንም ‹ፈራች› አሉ። ታስራ የወጣችው ሴት ራስዋ፥ በገዛ አእምሮዋ፥ ዐሥር ወር በእስር ቤት አስባ፥ አሳብዋን አቃንታ ሊሆን እንደሚችል የገመተ ጥቂት ነው። ሁለቱም ወገኖች ከዝምታዋ ይልቅ ንግግርዋን፥ ከንግግርዋም ይልቅ የራሳቸውን ድል ይወዱ ነበር።

እንዲህ ስል የተናገረ ሁሉ ልክ ነው ማለቴ አይደለም። ኳስ በቅርጫት ውስጥ ማግባት ማወቅ ፍርድ ማወቅ አይደለም፤ አንዲት ተጫዋች ስለ ሕግ፥ ስለ ጦርነት፥ ስለ መንግሥት የምትለው ሁሉ ሊሳሳት ይችላል፤ ተሳስታም ከሆነ ተሳስተሻል ልትባል ይገባታል። የማልቀበለው መልሱን ‹አንቺ ማን ነሽና?› በሚለው የሚዘጋውን ሰው ነው። ዳቦ ጋጋሪው፥ ሐኪሙ፥ ባለታክሲው ስለ አገሩ ሲናገር ማንም የሙያ ምስክር ወረቀት አይጠይቀውም።

ማያ ሙር የሚኒሶታን ቡድን ለአራት ሻምፒዮና ያበቃች፥ በ2014 የሊጉ ምርጥ ተጫዋች የተባለች ሴት ናት። ያን የ2016 ካናቴራ ከለበሱት አንዷ እርስዋ ነበረች። በ2019፥ ገና 29 ዓመትዋ ሳለ፥ ጨዋታውን ትታ ወጣች። ጆናታን አይረንስ የተባለ ሰው በ16 ዓመቱ በሆነ ወንጀል ተከሶ በ1998 የ50 ዓመት እስራት ተፈርዶበት ነበር። የሙር ቤተ ሰብ ጕዳዩን ያውቁት ነበርና፥ እርስዋ ሰውዬው ንጹሕ ነው ብላ አምና ጊዜዋንና ገንዘብዋን ነፃ ለማውጣት ሰጠች። በ2020 በማርች ወር አንድ ዳኛ የጣት አሻራ ማስረጃ ከተከላካይ ጠበቃው ተሰውሮ እንደ ነበር አይተው ፍርዱን ሻሩ፤ በጁላይ 1 ቀን አይረንስ ከእስር ወጣ፤ ኋላም ተጋቡ። ሙር ወደ ሜዳ አልተመለሰችም።

የቡድንዋ ደጋፊዎች ስትሄድ ምን አሉ? ያዘኑ ነበሩ፤ የኰሩባት ነበሩ፤ ‹ሌሎቹን ሻምፒዮናዎች ወሰደችብን› ያሉም አይጠፉም። እኔ በነዚህ በመጨረሻዎቹ ላይ መሳቅ አልችልም። የከፈሉት ገንዘብ እርስዋን ለማየት ነበረ፤ የለችም። ከዚህ ግን በመጀመሪያ ያነሣሁት ጥያቄ ይመለሳል። ያ ተመልካች የገዛው የማያ ሙርን እጅ ቢሆን ኖሮ ተታልሏልና ገንዘቡ ሊመለስለት በተገባ ነበር። ገንዘቡን የጠየቀ ግን አልሰማሁም። በልቡ የገዛው እጅዋን እንዳልሆነ ያውቃል፤ የገዛው አንድ ሰው የሚችለውን ሁሉ ሲያደርግ አጠገቡ ሆኖ የማየት ፈቃድን ነው። ከዚያ በኋላ ሰውየዋ የምትችለውን ሌላ ስፍራ ሄዳ ብታደርገው፥ ፈቃዱ የተሰጠው ለአዳራሹ ብቻ ነበርና፥ ተከትሎ ሊከስሳት አይችልም።

ወደዚያ ቅዳሜ ማታ ልመለስ። ጨዋታው ካለቀ በኋላ ዘመዴ ሻይ እየጠጣ፥ ‹‹ለመሆኑ በካናቴራው ላይ የጻፉት በአማርኛ ምን ማለት ነው?›› ሲል ልጁን ጠየቃት። እንግሊዝኛውን አጥቶት አይደለም፤ የልጁን አማርኛ ሊፈትን ሲፈልግ እንዲህ ማድረግ ልማዱ ነው። ልጂቱ ጥቂት አሰበችና፥

‹‹ገንዘብ ስጡን›› አለች።

‹‹እሱማ ልመና ነው›› አለ አባትዋ። ‹‹እንዲህ አይደለም የሚለው።››

‹‹እሺ፤ ደመወዝ ጨምሩልን።››

‹‹እሱም ልመና ነው፤ ትንሽ ያማረ ልመና። ልጄ፥ በደንብ አንብቢው እንጂ፤ ዕዳ የሚል ቃል አለበት።›› ወደ እኔም ዞሮ፥ ‹‹ወንድሜ፥ አንተ እንዴት ትለዋለህ?›› አለኝ።

እኔ ‹‹የሚገባንን ክፈሉን›› ብል እንደሚሻል ተናገርሁ። እርሱ ግን ራሱን ነቀነቀ። የሚገባ ማለት ተናጋሪው ለራሱ የገመተው ነው፤ ዕዳ ግን ባለዕዳውም የሚያውቀው ነው አለ። ሻዩን አስቀምጦ፥ አንድ ጊዜ እርሱ ራሱ ከጓደኞቹ ጋራ በአንድ የመኪና አከራይ ደጅ ላይ ቆሞ የተናገረውን ቃል የሚያስታውስ ይመስል፥ በቀስታ፥

‹‹ያለባችሁን ክፈሉን። እንዲህ ነው የሚባለው›› አለ።

ልጂቱ ብዕር ፈልጋ በአንድ የፖስታ ጀርባ ላይ በፊደል ጻፈችው። ‹‹ባ›› የሚለውን ፊደል ‹‹በ›› አድርጋ ስለ ጻፈችው አባትዋ ወረቀቱን ተቀብሎ አረመላት።